አሥር በአሥር

የሌባ ጣታቸውን ዙሪያ ከሥሩ ለካሁ፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር ከስምንት። ከመሃሉ፤ ስድስት ከአራት። ከጥፍሩ ዝቅ ብሎ፤ አምስት ከስድስት። ቁጥሮቹን በእርሳስ ጻፍኩና ሜትሩን ፈትቼ እንደገና እዚያው ጣት ላይ ጠመጠምኩት።

«ለሌባው ብዙ ጊዜ ሰጠሽው» አሉኝ ሰዓት ሠሪው።

«ሌባ አይታመንም፣ ጋሼ። ሁለት ጊዜ ነው የምለካው።»

ሳቁ። እኔ ከሰው ጋር ብዙ አልቀልድም። የሰው እጅ ስይዝ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ስለማያስፈልግ አፌ ይፈታል።

ሥራችን ቃጠሎ የደረሰበት ቆዳ ሲድን እንዳያብጥና እንዳይኮማተር የሚጫነው ልብስ መስፋት ነው፤ ጓንት፣ እጅጌ፣ አንዳንዴም የአንገት። ሁለት ክፍል፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛና አንድ ኮምፒውተር አለን። ባለቤቷ፣ ቆራጯና ሰፊዋ እቴቴ ናት፤ ለካኪዋ እኔ ነኝ፤ «ዝምተኛዋ» ትለኛለች። ልኩን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባለሁ፣ እሱ ንድፉን ስሎ ያትማል፣ እቴቴ በንድፉ ትቆርጣለች። እቴቴ ኮምፒውተሩን «ጌታው» ነው የምትለው። እሱ ሳይነሣ እኛ ሥራ አንጀምርም፤ እሱ ከተኛ እኛም ቁጭ ነው።

ሰዓት ሠሪው ቀኝ እጃቸው የተቃጠለው ከሰባት ወር በፊት፣ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ የአልኮል ፋኖስ ተገልብጦ ነው። ጓንቱን ቀንም ሌትም ያደርጉታል፤ የሚያወልቁት ሊታጠቡ ብቻ ነው። ያለፈው ጓንታቸው ላልቶ፣ ስፌቱ ሁለት ቦታ ተተርትሯል። ሐኪማቸው «ያለ ጓንት ጥቂት ሳምንት ከቆዩ ጣቶችዎ ይታጠፋሉ፤ ከታጠፉ ደግሞ ወረንጦ መያዝ አከተመ» ብሏቸዋል። የሚኖሩት ሩቅ አገር ነው። አውቶቡሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ተመልሰው የሚመጡት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ጓንቱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እጃቸው ላይ መግባት አለበት።

ልኬቱን ስጨርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ለእኛ ይህ ሰፊ ጊዜ ነው።

ሠላሳ አንድ ቁጥር የያዘውን ወረቀት ይዤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «አሁን ላዘምን ወይስ በኋላ?» እያለ ሲጠይቀኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ጊዜ «በኋላ» ብዬዋለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጠየቁን ተወው። ሰማያዊው ስክሪን ላይ «ዝመናዎች በመጫን ላይ ናቸው። 4%። እባክዎ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ይላል።

ጨዋነቱ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። በር ቆልፎብህ ሲያበቃ «እባክዎ እንዳይወጡ» የሚል ሰው ቢኖር ጎረቤት ተሰብስቦ ይመክረዋል። ይህን ግን የሚመክረው የለም።

«ጌታው ተነሡ?» አለች እቴቴ መቀሱን እየወለወለች።

«እየለበሱ ነው።»

«የት ደረሱ?»

«አራት በመቶ።»

«አራት በመቶ ካልሲ ይሆናል። ሱሪው ጋ ሲደርሱ ንገሪኝ።»

በግማሽ ሰዓት ሠላሳ ደረሰ። ሠላሳ ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት ዘጠና አንድ ሆነ፤ እሰይ ብዬ ወንበሬን ሳስጠጋ ጠፍቶ በራና ከአሥራ ሁለት ጀመረ። ከዘጠና አንድ ወደ አሥራ ሁለት የሚወርድ ቁጥር ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ አላውቅም። እኛ ጋ ቁጥር ሥጋ ላይ የሚያርፍ ነገር ነው። ስድስት ከአራት ካልን፣ ስድስት ከአራት ነው።

«እኔ እንዲህ የሚሄድ ሰዓት ጠግኜ ብመልስ» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ «ደንበኛዬ ግንባሬ ላይ ነበር የሚሰብርልኝ።»

«ይሄኛውማ» አለች እቴቴ፣ «ሰብሮህ ሲያበቃ አመስግነኝ የሚል ነው።»

አልተሳሳተችም። አራት ሰዓት አልፎ ሲከፈት «እንኳን ደስ አለዎ! አዲስ ገጽታ ይዘንልዎ መጥተናል» አለ። አዲሱ ገጽታ ይህ ነው፤ ጥግ ላይ የነበሩት ምልክቶች መሃል ገብተዋል፣ የመስኮቶቹ ማዕዘን ክብ ሆኗል፣ ማንም ያልጠየቀው የካርታ ጨዋታ ተጭኗል፣ ከታች በኩል ደግሞ እግራችን ረግጦት የማያውቅ ከተማ የአየር ሁኔታ ይነበባል። እዚያ ዝናብ ነው። የንድፉ ፕሮግራም ቦታው ላይ አለ፤ ሠላሳ አንዱንም ቁጥር አስገብቼ «አትም» ስለው ግን «ፕሪንተር አልተገኘም» አለኝ። ፕሪንተሩ ከክርኔ አንድ ክንድ አይርቅም። አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ያየናል።

ቴክኒሻኑ ጋ ደወልኩ። ይህ ሰው ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነው ያለው።

«አጥፍተሽ አብሪው።»

«ጠዋት ራሱ ሦስቴ ጠፍቶ ሦስቴ በርቷል።»

«ጥሩ አፕዴት እኮ ነው። ለደኅንነታችሁ ነው።»

«ከማን ሊጠብቀን?»

«ከውጭ ነዋ።»

«ከውጭ ማንም አልመጣብንም። የመጣብን እሱ ነው።»

እቴቴ ከጠረጴዛዋ ሆና ስልኩ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! በይልኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ቴክኒሻኑ። «ፕሪንተሩን ሰርዢውና እንደ አዲስ ጨምሪው። ሌላ ምንም አትንኪ።»

ሰርዤ እንደ አዲስ ጨመርኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ሲል ወረቀቱ ወጣ፤ አምስት ጣት፣ መዳፍ፣ የእጅ አንጓ፣ ጥግ ላይም ሣጥኑ።

ስለዚህ ሣጥን መናገር አለብኝ። እያንዳንዱ ጎኑ አሥር ሴንቲ ሜትር ነው። የሚታተመው ንድፉ በትክክለኛ ልኩ መውጣቱን እንድናረጋግጥበት ነው፤ ማስመሪያ ታስቀምጥበታለህ፣ አሥር ከሆነ ትቆርጣለህ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ሳናልፍ እንለካ ነበር። አሥር፣ አሥር፣ አሥር። በሁለተኛው ዓመት ትዝ ሲለን። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ የእቴቴ ማስታወሻ ሆነ፤ የምትገዛውን ትጽፍበታለች። ያን ቀንም «ቡናማ ክር፣ ሁለት ጥቅል» ብላ ጻፈችበትና ቆረጠች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጓንቱ አለቀ። ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ለማስገባት ሲታገሉ እኔ አንጓውን ያዝኩላቸው።

«ጠበቀኝ» አሉ።

«መጥበቁ ሥራው ነው፣ ጋሼ!» አልን እኔና እቴቴ ባንድ አፍ።

ይህን ለሁሉም ነው የምንለው። ጨርቁ ቆዳውን እንዲጫነው ከልኩ አሥር በመቶ እንቀንሳለን፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ይጠበዋል፣ ሁሉም ሰው ይነግረናል፣ እኛም ሁሉንም አንሰማም። ልብስ ሰፊ ሁሉ «ጠበበኝ» ሲባል ይደነግጣል። እኛ ብቻ ነን ሥራችን ያማረ የሚመስለን።

ሰዓት ሠሪው ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ጀመሩ። አሥር ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ፣ እንደማፈር ብለው፣

«ልጄ፣ ትንሿን ጣቴን አጣኋት» አሉኝ።

የጓንቶቻችን ጫፍ ክፍት ነው። ከጫፉ የወጡት አምስቱ የጣት ራሶች ነጥተው ሻማ መስለዋል። ሮጬ ገፈፍኩት። ደሙ እስኪመለስ ጣታቸውን እያሸሁ፣ እቴቴ ጓንቱን ገልብጣ ስፌቱን አየች፤ ስፌቱ ንጹሕ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ልኬትሽ ነው።»

ከዚህ የከፋ ነገር ልትለኝ አትችልም፤ እሷም ታውቃለች። ሜትሩን አንሥቼ እንደገና ለካሁ። ስድስት ከስምንት። ስድስት ከአራት። አምስት ከስድስት። ሠላሳ አንዱም ጠዋት የጻፍኩት ነው፤ አንድም አልተንቀሳቀሰም። ወረቀቱን አሳየኋት።

የቀረው ንድፉ ነው። ማስመሪያውን አንሥቼ ሣጥኑ ላይ፣ «ቡናማ ክር» ከሚለው በላይ፣ አጋደምኩት።

«ዘጠኝ ከሦስት» አልኩ።

«ምኑ?»

«አሥሩ።»

እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ራሷ ለካች። በጎኑም ለካች። ከዚያ የስፌቱ መኪና አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

የሆነው ይህ ነው። ፕሪንተሩን እንደ አዲስ ስጨምረው፣ ጌታው «ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር እንዲመጣጠን አሳንስ» የሚለውን ትእዛዝ በገዛ ፈቃዱ ምልክት አድርጎበታል። ለወረቀት ጠርዝ አዝኖ የሰው እጅ አሳነሰ። እኛ የቀነስነው አሥር ሳያንስ፣ እሱ ሰባት ጨመረበት። ደብቆንም አይደለም፤ ጥፋቱን ከነማስረጃው አትሞ ሰጥቶናል። እኛ ማስረጃው ላይ ክር አዘዝንበት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች እቴቴ። «ወረቀቱስ ወረቀት ነው። ሞኟ እኔ ነኝ።» ቀና አለች። «ይቅርታ፣ ዝምተኛዋ።»

ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ምልክቱን ላነሣና እንደገና ላትም ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኗል። «ዝመናውን በማጠናቀቅ ላይ። ይህ ጥቂት ጊዜ ሊወስድ ይችላል። እባክዎ አያጥፉ።»

እቴቴ አጠገቤ መጥታ አነበበችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሶኬቱን ነቀለችው።

«እቴቴ! አያጥፉ ይላል እኮ።»

«አጠፋን በያቸው።»

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቡናማ ወረቀት ጥቅልል አወጣች፤ እኔ እስከዚያ ቀን ዕቃ መጠቅለያ ይመስለኝ ነበር። እኔ ያለ ኮምፒውተር ንድፍ ስዬ አላውቅም። እሷ ግን ጌታው ከመምጣቱ በፊት አሥራ አራት ዓመት በእጇ ስላለች።

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ያንብቡ። አንቺ አንድ አሥረኛውን ቀንሺ። እኔ እስላለሁ።»

ሰዓት ሠሪው በግራ እጃቸው ወረቀቴን ያዙ። «ስድስት ከስምንት።»

«ስድስት ከአንድ» አልኩ ቀንሼ።

«ስድስት ከአራት።»

«አምስት ከስምንት፤ ትንሽ ጎደል ይላል።»

«ትንሽ ጎደል፣ ገባኝ» አለች እቴቴ፤ የእርሳሷ ጫፍ ከመስመሩ የፀጉር ያህል ወደ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚቀበል ምንም ዓይነት ፕሮግራም አላየሁም።

ሠላሳ አንዱን ቁጥር በሃያ ደቂቃ ጨረስን። ንድፉ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ መዳፉን ለካሁ፣ ጣቶቹን ለካሁ፣ ቁመቱን ለካሁ። እቴቴ ሳልነግራት መቀሱን ይዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቆረጠች፤ አንደኛውን የስፌት መኪና እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን፣ እሷ ጣቶቹን ስትሰፋ እኔ አንጓውን ሰፋሁ። ሰዓት ሠሪው በየሩብ ሰዓቱ «ሰባት ተኩል»፣ «ለስምንት ሩብ ጉዳይ» ይሉናል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ደቂቃ እንደሚቀድም አይተው በኪስ ሰዓታቸው ነው የሚቆጥሩት።

ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ጓንቱ ገባ።

«ጠበቀኝ» አሉ።

እኔና እቴቴ ጣታቸው ላይ አፈጠጥን። ቀይ ነው። ጥፍራቸውን ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፤ ደሙ ወዲያው ተመለሰ። ሩብ ሰዓት ሙሉ እየጫንኩ እየለቀቅኩ ጠበቅኩ። ትንሿም ጣት ጠፍታ አልቀረችም።

ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛው ላይ የወደቀች አንዲት ስፒል አዩ። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ሊያነሧት ሞከሩ፤ አመለጠቻቸው። እንደገና ሞከሩ። ይህን ጊዜ ብድግ አደረጓት፤ ወደ ብርሃን ይዘው አዩዋትና መርፌ መሰኪያው ላይ ሰኩልን።

«ሌባው ሥራውን አልረሳም» አሉ።

«በሉ ሂዱ፣ ሂዱ» አለች እቴቴ ኮታቸውን እያቀበለች። «አውቶቡሱ እባክዎ አይልም።»

ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ከመንገዱ ማዶ፣ ፌርማታው ላይ፣ ቀኝ እጃቸውን እየዘረጉና እየጨበጡ ቆመው በመስኮት አየኋቸው። ከዚያ አውቶቡሱ መጥቶ ከለላቸው።

ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት፤ ነገ ጠዋት እጅጌ የሚለኩ ደንበኛ አሉን። ጌታው ተነሣ። «ዝመናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል! ምን ያህል ረክተዋል?» ብሎ አምስት ባዶ ኮከብ ደረደረልኝ። ዘጋሁበት። «አሳንስ» የሚለውን ምልክት አነሣሁ፤ ሣጥኑን ብቻውን አትሜ ለካሁት። አሥር። ወረቀቱን አዙሬ በጎኑ ለካሁት። አሥር። አላመሰገንኩትም።

ቡናማውን ንድፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። ጥግ ላይ ቀኑን፣ «ሰዓት ሠሪው፣ ቀኝ እጅ» ብዬም ጻፍኩ፤ አራት ቦታ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩትና መሳቢያውን ዘጋሁት።