ጠረጴዛ ላይ የሠራው ፓምፕ

የጉደር የውኃ ፓምፕ ሞተር ማስነሻ ሲቀየር ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነበረው፤ አረንጓዴው ያስነሳል፣ ቀዩ ያቆማል። ስለ አዲሱ ግን ለኃላፊያችን ለኦቦ ጋሮማ ስነግራቸው፣ ፓምፑ የሚስብበት ገንዳ ውኃ ሲኖረው በራሱ ይነሳል፣ ሲጎድል ሞተሩ እንዳይቃጠል በራሱ ይቆማል፣ ሰው አያስፈልገውም አልኳቸው። ስሜ ዘገየ ቢሆንም፣ ያን ቀን ዘመኑን የቀደምኩት መስሎኝ ነበር።

አምቦ ቢሮዬ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሞክሬዋለሁ። የገንዳውን ውኃ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ ኳስ በገመዱ አንጠለጠልኩት፤ የሞተሩ መብራት ቦግ አለ። ደስ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ውኃ አለመኖሩ ትዝ አላለኝም።

ጉደር ወስደን ስንገጥመው ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል፣ ፓምፑ ግን አይነሳም። ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘሁት፤ ተንሳፋፊው ነው። የገዛው ደግሞ የግዢ ሠራተኛችን ጂራ ነው። ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ከተማውን አስጠማ ብዬ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ጂራ ሳይከራከር አዲስ አበባ ሄዶ ሌላ ገዝቶ መጣ። ያም አልሠራም። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ናቸው አልኩ፣ ጽሑፋቸውን እንኳ ሳላነብ። የፓምፑ ሠራተኞች በእጅ የሚያስነሳውን ቁልፍ እንድከፍትላቸው ሲለምኑኝም፣ ተንሳፋፊው ሳይስተካከል አደገኛ ነው ብዬ እምቢ አልኩ።

ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ ወንዝ መውረድ ሲጀምር ኦቦ ጋሮማ ራሳቸው ጂራን ይዘው መጡ። ተንሳፋፊው መሞቱን ላሳያቸው ገንዳው ላይ ወጣሁና በገመዱ ስቤ ከውኃው አወጣሁት። ሞተሩ ተነሳ። ደንግጬ ለቀቅኩት፤ ኳሱ ተንሳፈፈ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። ደግሜ ሳብኩት፣ ተነሳ። ውኃ ሲሞላ ቁም፣ ሲደርቅ ተነሳ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነበርኩ።

ኦቦ ጋሮማ ጂራን አዩት፣ ከዚያ እኔን። ላፕቶፔን ከፍቼ አንዷን መስመር ስገለብጣት ፓምፑ ውኃ መግፋት ጀመረ።

"ዲፈማ፣ ጂራ" ብዬ በቋንቋው ይቅርታ ጠየቅኩት።

"ረኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም" አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ "ለፋንቱ አንተው ንገርልኝ" አለ።

ፋንቱ ሚስቱ ናት። ወንዝ በወረደች ቁጥር ባልሽ ነው ያስጠማን እየተባለች ሰንብታለች። በራፏ ላይ ቆሜ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ማስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ።

"ባሌ አልተሳሳተም ማለትህ ነው?"

"አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ለእኔ ብቻ አትንገረኝ" አለችና ሁለት ባዶ ጀሪካን አቀበለችኝ። ውኃው እነሱ ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ፣ ገና አልደረሰም ነበር።

ፓምፑ ጋ ወርጄ ጀሪካኖቹን ሞላሁና ዳገቱን ተያያዝኩት። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ምን ተበላሽቶ እንደነበር ይጠይቀኛል። ለመጀመሪያዎቹ ስለ ግብዓትና ስለ ትእዛዝ ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ግን ጀሪካኖቹን አስቀምጬ፣ "ጂራ ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ ገልብጬ የጻፍኩት" ማለት ጀመርኩ።