ከበሩ ጀርባ ያለው አግዳሚ

«ግቡ እንጂ! ምን በር ላይ ትጋፋላችሁ?» አለች አስተማሪዋ ወሰንየለሽ።

ማንም አልገባም። ዘንድሮ ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል ሊያስገቡ የመጡት ወላጆች ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ወደ ውስጥ ያያሉ። ከኋላ ያሉት ይገፋሉ፤ ከፊት ያሉት እግራቸውን ተክለው አንገባም ይላሉ። ካፊያው ጀርባቸውን እያራሰው እንኳ አንድ እርምጃ ወደፊት የሚል ጠፋ። ምን እንዳስፈራቸው ለማየት ዞር ስትል ነገሩ ገባት።

ክፍሉ ውስጥ ሰው ቀድሞ ገብቷል። ባፈና ነው፤ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ከጫካው ጥግ ከሰል እያከሰለ ቦንጋ ገበያ የሚሸጠው ሰውዬ። ትንሽ ሴት ልጁን በእጁ ይዞ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ቀበሌው በድምፅ ማጉያ «ትምህርት ቤቱን መጥታችሁ እዩ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ልጆቻችሁን አስመዝግቡ» እያለ ሲለፍፍ ሰምቶ፣ ጥሪው እሱንም ይመለከታል ብሎ አመነ። ከሁሉም ቀድሞ መጣ። የዋህነት እንግዲህ እንዲህ ያደርጋል።

ባፈና ማንጆ ነው። ማንጆ የሚባለው ወገን በዚህ አገር ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም። ቤት ቢመጣ ከደጅ አያልፍም፤ ውኃ ቢጠይቅ በኮባ ቅጠል ይቀዳለታል። እሱ የጠጣበት ብርጭቆ ይሰበራል እንጂ አይታጠብም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው «የማይበላ ሥጋ ይበላሉ» የሚል መልስ ያገኛል። ይህን መልስ የሚሰጡት ሰዎች ወጣቸውን የሚሠሩት እነባፈና ባከሰሉት ከሰል ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከክፍሉ በር በላይ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ወላጆቹ አንገባም ብለው የቆሙት ከዚሁ ጽሑፍ ሥር ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ግዛቸው ከቢሮው እየተጣደፈ መጣ። ነገሩ እስኪነገረው አልጠበቀም፤ እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይገባዋል።

«ወንድሜ ባፈና» አለ ፈገግ ብሎ፣ «አንተን ለብቻህ እናስጎበኝሃለን። ለአሁኑ ደጅ ቆይልን።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ባፈና፤ ልጁን ይዞ ወጣ። ያ ሁሉ ሲጋፋ የነበረ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ለበሬ የሚበቃ መንገድ ለቀቀለት። አንዲት እናት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እሱ ካለፈ በኋላ ሁሉም እየተሳሳቁ ገቡ።

ወሰንየለሽ ሳቃቸውን ጠላችው። ቢሆንም ሥራዋ ነውና አስጎበኘቻቸው። ጠዋትና ከሰዓት ፈረቃ እንዳለ፣ ዝናብ ሲጥል ልጆቹ የት እንደሚጠለሉ፣ ከቤት ምን ይዘው መምጣት እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ነጋዴዋ አሚናት ልጇ ዓርብ ለጁምዓ ይለቀቅ እንደሆነ ጠየቀች። ሌላዋ አስተማሪዎቹ በአለንጋ ይገርፉ እንደሆነ ጠየቀች፤ አይገርፉም ስትባል ቅር አላት። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ባለሱቁ ተድላ ደግሞ ልጁን ቀጸላን ከፊቱ አቁሞ ትከሻውን እንደያዘ ቆየና፣ ሌላው ጠይቆ ሲጨርስ አፉን ከፈተ።

«ያ ሰውዬ የምሩን ልጁን ሊያስገባ ነው?»

«ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፣ አቶ ተድላ» አለች።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። የጠየቅሁሽ ሌላ ነው።»

ግዛቸው ክንዷን ይዞ ወደ በረንዳው አወጣት። «ስሚኝ፤ ከጅማ ለቁጥጥር የሚመጣው ጓድ ‹ከማንጆ ልጆች ስንት አስገባችሁ?› ማለቱ አይቀርም። አምና የምንለው ጠፍቶን አፈርን። ይቺን ልጅ የግድ እንፈልጋታለን።»

«ታዲያ ሰውየውን ለምን አስወጡት?»

«ሌሎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ቢሄዱስ? አቶ ተድላ ምናልባት ማንጆ ቢመጣ ብሎ አስቀድሞ መላ አግኝቶለታል። ከበሩ ጀርባ ያለችውን አጭር አግዳሚ ለሷ አድርገናል፤ ለብቻዋ። የውኃ መጠጫም ለብቻዋ። ለአባትየው ግን አሁን ይህን አትንገሪው። ሁሉም እኩል ነው በይውና ያስመዝግባት። ትምህርት ሲጀመር ቀስ በቀስ ትለምደዋለች።»

«ማን?»

«እሷ ነቻ! ሌላ ማን ሊለምደው ነው?»

ኮሚቴው ለእንግዶቹ በረንዳው ላይ ሻይ አፍልቶ ነበር። ስኳሩ ከቀበሌ በራሽን የተገኘ ስለሆነ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ በቀስታ ይጠጣል። ተድላ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ ኮባ ቅጠል ቆርጦ መጣ። አጠፈውና ሻይ ቀዳበት፤ ካፊያው ላይ ለቆመው ለባፈና ክንዱን ዘርግቶ ሰጠው። ከራሱ አራቀው እንጂ ወደ ሰውየው አላቀረበውም። ባፈና እጅ ነሥቶ ተቀበለ። ትኩሱ ሻይ ከቅጠሉ እጥፋት እየሾለከ አንጓው ላይ ሲፈስ አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ ቅጠሉን አላየችውም፤ የምታየው ቀጸላ የያዘውን ብርጭቆ ነበር።

«አቶ ተድላ፣ ብርጭቆ ይስጧቸው እንጂ» አለች ወሰንየለሽ።

ተድላ ሳቀ። «እሰጣለሁ፤ ምን ቸገረኝ? ግን በኋላ ማን ይጠጣበታል? አንቺ ትጠጪበታለሽ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እጠጣበታለሁ ማለት ነበረባት። አፏ አልታዘዝ አለ። ተድላ ያውቃታል፤ እዚሁ ቦንጋ ነው የተወለደችው። በአባቷ ቤት ከሰል ያመጣ ሰው ውኃ ሲጠይቅ ጓሮ ሮጣ ቅጠል የምትቆርጠው እሷ ነበረች። ያ የልጅነት ነው እንዳትል ዛሬ ጠዋት ባፈና ገና እንደ መጣ እጁን ዘርግቶ ሰላም ሲላት ጨበጠችው፤ ፊቱን ሲያዞር ግን መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ማንም አላዘዛትም። እጇ ራሱ ነው የጠረገው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብታ፣ ስለ እኩልነት ስንት ቀን ሙሉ ስትሰበክ ከርማ! ከተድላ ይልቅ ራሷን ተጸየፈች። የያዘችውን ሻይ ልትጨርሰው አልቻለችም፤ ወደ ጭቃው ደፋችው።

«ጋሽ ባፈና፣ ኑ፤ ክፍሉን ላሳይዎት» አለች።

ባፈና ማንን ነው የምትጠራው በሚል ዓይነት ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ልጁን ይዞ ተከተላት። ግዛቸው ከበረንዳው በግንባሩ ምልክት ሰጣት፤ የተነገረሽን በይ ማለቱ ነው።

ክፍሉ ባዶ ነበር። ልጅቷ ፊት ለፊት ወዳሉት መቀመጫዎች ሄዳ አንዱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እትዬ» አለ ባፈና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ትምህርት አላውቅም። ብዙ ጥያቄ የለኝም። አንድ ብቻ ነው። ልጄ የት ነው የምትቀመጥ?»

መልሱ ተዘጋጅቶላታል፤ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ነገር ግን ያ መልስ አፏ ውስጥ እንደ ከረመ ወተት ሆነባት። በሩን ሳብ አድርጋ ከጀርባው ያለችውን አግዳሚ አሳየችው። የአግዳሚዋ አንድ እግር በድንጋይ ተደግፏል። ጣሪያው ስለሚያፈስ ጫፏ ርሷል።

«እዚህ ነው» አለች። «ለብቻዋ። የምትጠጣበትም ለብቻዋ ነው። ሁሉም እኩል ነው በያቸው ብለውኝ ነበር፤ ውሸት ነው።»

እንዲቆጣ ጠበቀች። ቢቆጣ፣ ልጁን ይዞ ቢወጣ፣ ቢሰድባት እንኳ ይቀላት ነበር። ባፈና ግን ጎንበስ ብሎ አግዳሚዋን በመዳፉ ተጫናት።

«ይነቃነቃል» አለ።

«አዎ።»

«ይሁን። ይጻፉልኝ። ስሟ ብርቄ ነው።»

«ይህን አይተውም?»

«ስላየሁ ነው እንጂ። ሳላውቅ ባመጣት ፊት ሄዳ ትቀመጣለች። ሰው ሁሉ እያያት ይጎትቷታል። ያን ጊዜ ትምህርት ትጠላለች፣ ሁለተኛ አትመጣም። አሁን አወቅሁ። ቤት ስንሄድ እነግራታለሁ። ከበር ኋላ ነው ቦታሽ፣ ከዚያም ሆነሽ ሰሌዳው ይታያል እላታለሁ።» ራሱ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጦ፣ በልጁ ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ ወደ ሰሌዳው ተመለከተ። በሩ ከለለው። «ግማሹ ይታያል» አለ።

ወሰንየለሽ ለቅሶ የመጣባት መሰላት፤ ለቅሶ አልነበረም። ንዴት ነው፤ ንዴት ብቻም አይደለም፣ የተበላሸ ነገር ሲሸት አንጀት ድረስ የሚዘልቀው ያ ስሜት ነው። ይህ ሰውዬ በግማሽ ሰሌዳ ደስ እንዲለው ያደረጉትን ሁሉ ተጸየፈች፤ ራሷን ከመካከላቸው አላወጣችም።

«ፊት ላስቀምጣት?» አለችው።

«ይጎትቷታል።»

«እኔ አለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

እሷ ብትታመም፣ ሺሺንዳ ወይም ቢታ ገነት ብትዛወር ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቃሉ። ባፈና ልጁን አያት። ብርቄ ከነካችው መቀመጫ አጠገብ አልተንቀሳቀሰችም፤ አባቷን ለምን ትጠይቀኛለህ በሚል ዓይነት አየችው።

«እርስዎ ባሉበት ቀን ፊት ትቀመጥ» አለ ባፈና። «በሌሉበት ቀን ከበር ኋላ። ሁለቱንም እነግራታለሁ።»

ግዛቸው አንገቱን በበሩ አስገባ። «እሺ አለ?»

«አዎ፣ ልጅቷ ተመዝግባለች።»

«ጎበዝ!»

«ወላጆቹን ይጥሩልኝ። ልጆቻቸውንም ይዘው ይግቡ። ስለ ትምህርት ቤቱ ሳልነግራቸው የቀረ ነገር አለ።»

ግዛቸው ስለ ዩኒፎርም መሰለው፤ እየጮኸ ሰበሰባቸው። መጡ። ባፈናን ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ሲያዩ ደጃፉ ላይ ደግመው ቆሙ። ወሰንየለሽ አሁን ግቡ ብላ አልለመነችም፤ የሚነገረውን ለመስማት ራሳቸው ቀስ እያሉ ገቡ።

«አንደኛ ክፍልን የማስተምረው እኔ ነኝ» አለች። ጠረጴዛውን ተደገፈች። «በእኔ ክፍል ልጆች የሚቀመጡት በቁመት ነው። አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ። ሰሌዳው ለሁሉም ሙሉውን እንዲታይ ነው።»

«ይኼ ደግ አሠራር ነው» አለ ተድላ። የእሱ ልጅ አጭር ነው።

«ሌላ ቦታ ለማንም አልተዘጋጀም። ይህን አይታችሁ፣ አውቃችሁ አስመዝግቡ። ያልፈለገ እንዲያስመዘግብ አላስገድድም።»

ከዚያ የብርቄን እጅ ይዛ ከፊተኛው መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻት። የልጅቷ እግር መሬት አይነካም። ካፊያው ቆርቆሮው ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። «ወሰንየለሽ!» አለ ግዛቸው በጥርሱ መካከል። አፍንጫዋን ይዛ የነበረችው እናት ልጇን እየጎተተች ወጣች፤ ሌላ ሁለት ሰው ተከተላት። አሚናት ለመውጣት ተነሥታ የልጇን ቁመት በዓይኗ ለካች፤ ትወጣ እንደሆነ ወይም ትቆይ እንደሆነ ገና አልታወቀም።

«ከብርቄ ቀጥሎ አጭሩ ማነው?» አለች ወሰንየለሽ። መልሱን ግን ሁሉም ያየዋል። «ቀጸላ ተድላ፣ ና እዚህ ጋ ተቀመጥ።»

ልጁ ሊሄድ አንድ እግሩን አነሣ። ተድላ ትከሻውን ጨምድዶ ያዘና ዓይኑን አፍጥጦ አስተማሪዋን አየ። ከሱቁ በዱቤ የምትወስደው ሳሙናና ዘይት፣ ርዕሰ መምህሩ፣ የአባቷ ቤት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት።

ወሰንየለሽ የልጁን ስም ከፊተኛው ከፍ ባለ ድምፅ ደግማ ጠራች።