ጀርባው ላይ የበቀለው ጥቁር

ባሌ ኤሌክትሪሻን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት መስመር ሲዘረጋ ይውልና ማታ ለውድድር ለሚያረባቸው ጥንቸሎቹ ጉልበት አያጣም። ለእኔ ሲሆን ነው ወገቡን የሚያመው። ቅናት አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። እናቱን የማጥባቸው እኔ፣ የማጎርሳቸው እኔ፣ "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" እያሉ ሲጮሁ ቤታቸው ውስጥ መሆናቸውን የማስረዳው እኔ።

የጥንቸሎቹን የዘር ነገር ሳልወድ በግዴ ተምሬዋለሁ። ሲወለዱ ነጭ ናቸው። ጥቁሩ በደማቸው አለ፣ ግን ገላቸው ሙቅ በሆነበት ቦታ አይወጣም፤ ብርድ ሲያገኘው ብቻ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው አፍንጫቸው፣ ጆሯቸው፣ እግራቸውና ጅራታቸው የሚጠቁረው። ባሌም ቀለሙ ይድመቅልኝ ብሎ የጓዳውን መስኮት ከፍቶ ያሳድራቸዋል፤ እዚያ ስገባ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ጀርባ ግን ነጭ ሆኖ መቅረት አለበት። ጀርባው ላይ ጥቁር ያለበት ውድድር አይገባም፤ ዘሩም ይታማል።

እንግዲህ ያ የሚኮራበት ወንዱ ጥንቸል ጀርባው ላይ መዳፍ የሚያክል ጥቁር አበቀለ።

ባሌ ምግብ አልበላ አለ። ሻጩ ድቅል ነው የሸጠልኝ፣ ደሙ ንጹሕ አይደለም፣ ልጆቹንም አበላሽቶብኛል ብሎ ደመደመ። እሁድ መጥቶ ለሚወስደው ሰውዬ ሊሰጠው ተስማማ። ሰውዬው ባለ ልኳንዳ ነው፣ ሌላውን አልጠየቅኩም።

ደሙ ምንም እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ባሌ ሥራ ላይ ሲሆን ጥንቸሉን አውጥቼ አማቴ ጭን ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ያኔ ጩኸቱ ቀጥ ይላል፣ እኔም ጎኔን አሳርፋለሁ። ጣታቸው ግን ሥራ አይፈታም። እየዳበሱ የላላውን ጸጉር ጥቂት በጥቂት ይነጩታል፤ የሚረግፍበት ጊዜ ስለሆነ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ቦታው ይራቆታል። ጓዳ ሲመለስ ብርዱ ራቁቱን ቆዳ ያገኘውና አዲሱ ጸጉር ጥቁር ሆኖ ይበቅላል። ጉዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ምነው አልነገርሽው ትሉኝ ይሆናል። ውድድሩ ገደል ይግባ፤ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ባሌ ማታ ማታ እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ማን እንደሆነ ይጠይቃቸዋል። አንድ ቀን የመብራት ሠራተኛው አይደሉም እንዴ አሉት። ሳቀ፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ብዙ ቆየ። ጥንቸሉን ግን ድንቡሼ ነው የሚሉት። ድንቡሼ ደግሞ ባሌ ነው፤ ልጅ ሆኖ የሚጠሩት እንደዚያ ነበር። ብነግረው በዓይኔ ልይ ማለቱ አይቀርም፤ ይህን በጆሮው እንዲሰማ አልፈለግኩም። እንዳይሰማ ደግሞ ጥንቸሉ መታረድ አለበት። ከዚያ በኋላ ያንን ጩኸት ማን ይችለዋል? እኔ በቃኝ፣ አልችልም።

እሁድ ጠዋት ባሌ ጥንቸሉን ካርቶን ውስጥ ሲከተው ነገርኩት። የጸጉሩን ብቻ ነው የነገርኩት፤ የስሙን ነገር ምላሴ እምቢ አለኝ። ካርቶኑን እንዳቀፈ እስቲ ልየው ብሎ ወደ እናቱ ክፍል ገባ፣ እኔም ተከተልኩት።

ጥንቸሉን ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጥላቸው ፊታቸው በራ። ጣታቸው ወዲያው ወደ ጥቁሩ ሄደ።

"ድንቡሼ" አሉ። "በላህ? ማን ነው የመታህ?"

ሃምሳ ያለፈው፣ ራሱ የተመለጠው ባሌ አጠገባቸው በርከክ አለ።

"አቤት፣ እማዬ።"

ቀና ብለው አዩት። "እርስዎን አይደለም" አሉት፣ እንግዳ እንዳይከፋው እንደሚጠነቀቅ ሰው።

በሩ ተንኳኳ፤ ባለ ልኳንዳው ነው። ሁለታችንም አልተነሳንም። አማቴ ደግመው ድንቡሼ ሲሉ ባሌ ጎንበስ ብሎ አሁንም አቤት አለ። ፊታቸው ተቋጠረ።

"እርስዎን አይደለም አልኩ እኮ።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ" አላቸው። "እሱ አፍ ስለሌለው ነው አቤት የምልለት።"