የሁለተኛው ቀን ፊርማ

ሽቦ የምንለው እስረኛ ባልዲውን በሁለት እጁ አንስቶ የሌላውን እስረኛ አናት ሲመታው እኔ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ባልዲው የብረት ነው። ዘልዬ ስገባ ሰውየው ቧንቧው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል፣ የሳሙናው ውሃ ቀልቷል፣ ሽቦ ባልዲውን ለሁለተኛ ጊዜ እያነሳ ነው። ሌሎቹ እስረኞች እርቃናቸውን ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። የጠቡ ምክንያት የቧንቧ ወረፋ ነበር። ለወረፋ! ሃያ ዓመት የተፈረደበት ሰው ምን የሚያስቸኩል ጉዳይ እንደነበረው እስካሁን አይገባኝም።

የማረሚያ ቤት ጠባቂ ነኝ፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሽቦ ያልነው ቅጥነቱን አይተን ነው፤ አጥንትና ጅማት ብቻ ነበር። ከኋላው ሄጄ አቀፍኩት። ራሱን ወደ ኋላ ወርውሮ አፍንጫዬን አደቀቀው። ዓይኔ በእንባ ሲሞላ ተገላበጠና ጆሮዬን በጥርሱ ያዘ። ጎኑን በቡጢ ደጋግሜ ብለው፣ ብልቱን በጉልበት ብመታው፣ ወይ ፍንክች! ጭራሽ ይነቀንቀው ጀመር። ሲቀደድ ሰማሁት። የታችኛውን ግማሽ ነጨውና መሬት ላይ ተፋው።

አማቼ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር እየሮጠ የደረሰው ያኔ ነው። አማቼ የእህቴ ባል ነው፣ የፈረቃችንም ኃላፊ ነው። ምንም ሳይጠይቅ የሽቦን ቅልጥም በዱላ ሁለት ጊዜ አጮለው። ሽቦ ወደቀ። በሆዱ ገለበጥነው፣ ሁለቱ ጠባቂዎች እጆቹን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ካቴና አስገቡለት፣ እኔ እግሮቹ ላይ ተቀመጥኩ። አማቼ ጉልበቱን በሽቦ ትከሻዎች መካከል አሳረፈ። ቀላል ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ ያቃስታል። ሁለቱ ጠባቂዎች የተፈነከተውን ሰው ተሸክመው ወደ ክሊኒክ ሮጡ።

ሽቦ ካቴና ገብቶለትም መራገጡን አልተወም። ፊቱ እርጥብ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቆ “አየር” አለ። “አየር፣ በናታችሁ።”

“የሚያወራ ሰውማ ይተነፍሳል” አለው አማቼ።

ትንሽ ቆይቶ መራገጡ ቆመ። አማቼ “አሁን ገና ሰው ሆንክ” አለው፣ ጉልበቱን ግን አላነሳም። በመጨረሻ እሱ ሲነሳ ሽቦ አልተነሳም። በጀርባው አዞርነው፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ምላሱ በጥርሱ መሃል ወጥቷል። አማቼ በጥፊ መታው፣ ውሃ ደፋበት፣ ደረቱን በጡጫ ደበደበው። “ተነስ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ፣ ተነስ!” እያለ ይጮህ ነበር። እኔ ጆሮዬን በሸሚዜ ይዤ ቆሜ አያለሁ።

ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፣ ከአራት ወር በፊት። ከውጭ አገር አሰልጣኞች መጡልን። ለሦስት ቀን የስብሰባ አዳራሹ ወንበር ወጥቶ የስፖርት ፍራሽ ተነጠፈበት፣ ደረታችን ላይ ስማችን ተለጠፈ፣ በየሰዓቱ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይታደለን ነበር። አንዱ ባልደረባችን “ይሄን ያህል ውሃ የሚያጠጡን ምን ሊያስወጡን ነው?” ብሎ አሳቀን። ዋናዋ አሰልጣኝ በአገሯ እስር ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራች፣ ሃምሳ ኪሎ የማትሞላ አጭር ሴትዮ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ስለ ሕግ ነበር፣ ግማሻችን ተኝተን ዋልን። በሁለተኛው ቀን “እትዬ ጉልበት” የሚል ስም አወጣንላት።

ያን ቀን አንድ በአንድ ፍራሹ ላይ በሆዳችን አስተኛችን፣ እጃችንን ወደ ኋላ አሰረች፣ ጉልበቷን ጀርባችን ላይ አሳርፋ ጮክ ብለን እንድንቆጥር አዘዘች። የእኔ ተራ ሲደርስ ጓደኞቼን እየጠቀስኩ ተኛሁ። አሥር ድረስ እየሳቅሁ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንት ላይ ሳቁ ጠፋ። ሃያ ሦስት ካልኩ በኋላ የሚቀጥለውን ቁጥር አውቀዋለሁ፣ አፌ ግን አላወጣው አለ። ሞትኩ አልኩ፣ በእውነት ሞትኩ አልኩ። ወዲያው በጎኔ አዞረችኝ። አስተርጓሚው ላቡን እየጠረገ ቃሏን አቀበለን። “ካቴና እንደገባለት በጎኑ አዙሩት። የሚራገጠው ሊመታችሁ ሳይሆን አየር ፍለጋ ሊሆን ይችላል። አወራ ብላችሁ ይተነፍሳል አትበሉ። ዝም ሲል ደግሞ እጅ ሰጠ አትበሉ።” እያንዳንዳችንን ሦስት ሦስት ጊዜ አስደገመችን።

አማቼ ያን ቀን አልነበረም። ከእህቴ ጋር ቤት እየቀየሩ ነበር። ማለዳ ደውሎ “ወንድሜ፣ ፊርማዬን ጣልልኝ፣ ዕቃ ተሸክሜ ወገቤ ሊበጠስ ነው” አለኝ። የእሱ ፊርማ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፣ ማንም ይፈርመዋል። የጠዋቱንም የከሰዓቱንም ፈረምኩለት። በማግስቱ መጣ፣ ከሁላችን ጋር ሰርተፊኬት ተቀበለ፣ ተጨበጨበለት፣ ፎቶ ተነሳ። ሻይ ላይ “ትናንት ምን አመለጠኝ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ምንም” አልኩት። “ፍራሽ ላይ ተኝተን ስንቆጥር ዋልን። ሕፃናት ሆነን ነበር።”

እሱም ሳቀ። ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ውስጥ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው።

አቃቤ ሕጉ ያንን መስታወት ከነሚስማሩ ነቅሎ ፍርድ ቤት አቀረበው ማለት ይቻላል። ክሱ ሆን ብሎ መግደል ነው። “ይህ ሰው አደጋውን ሰምቶ፣ በገዛ አካሉ ቀምሶ፣ ፈርሞ የወጣ ነው። እያወቀ ነው የገደለው” አለ። አማቼ አልነበርኩም ቢል አቃቤ ሕጉ የስም መቆጣጠሪያውን አንስቶ ሁለቱን ፊርማዎች በጣቱ አሳየ። ጠበቃው ለእህቴ በግልጽ ነገራት። ሳያውቅ በቸልተኝነት ከሆነ ጥቂት ዓመት ነው፤ አውቆ ከሆነ ግን ሽበት አብቅሎ ነው የሚወጣው።

እህቴ ቤቴ መጣች። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ትዳር ይዛም ከ“ወንድምጋሼ” ሌላ ጠርታኝ አታውቅም። ቁጭ አላለችም።

“ወንድምጋሼ፣ ያን ቀን ቁም ሳጥኑን ከእኔ ጋር አራተኛ ፎቅ ሲያወጣ ነው የዋለው። ጣቱ በሩ ላይ ተቀርቅሮበት እኔ ነኝ ያሰርኩለት። እኔ ሚስቱ ነኝ፣ ማን ያምነኛል? የፈረምከው አንተ ነህ አይደል?”

ወንበር ሳብኩላት፤ ገፋ አደረገችው።

“ከሥራ ያባርሩሃል፣ አውቃለሁ። ምናልባትም ያስሩሃል። ግን ለእሱ ዕድሜው ነው! ሌላ ምንም አልልህም። እውነቱን ብቻ ተናገርልኝ።” ከዚያ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል አፈፍ አድርጌ አነሳኋት። አንጀቴን በላችው። “እናገራለሁ” አልኳት። ጉንጬን ሳመችኝ፤ የተሰፋውን ጆሮዬን እንዳትነካው ተጠንቅቃ።

እሷ የመሰላት ፊርማውን የፈራሁ ነው። ፊርማውማ ምን አለበት! ፊርማ ለመሰረዝ ሥራዬን ብሰጥ አይቆጨኝም ነበር። የፈራሁት ሌላውን ነው። ሽቦ “አየር” ሲል አማቼ አላወቀም፣ እኔ ግን አውቄያለሁ። ያንን ድምፅ ፍራሹ ላይ ከራሴ ጉሮሮ ሰምቼዋለሁ። “ተነስ፣ በጎኑ እናዙረው” ለማለት ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። ደሙ ግን ከጆሮዬ ወደ አንገቴ ይወርዳል፣ ቁራጩ መሬት ላይ ዓይኔ ሥር ወድቋል፣ ደሜ ፈልቷል። ይቅመሳት አልኩ። ሃያ ሦስት እስክደርስ ይቅመሳት አልኩና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ሦስት ስደርስ ጆሮዬ ጠዘጠዘኝ። ቀጠልኩ። ሃምሳ አካባቢ እግሮቹ ከሥሬ ለዘቡ። ያኔም ቀጠልኩ። ይሄን ማንም አላየም፣ ማንም አልሰማም፣ ብተወው ከእኔ ጋር መቃብር የሚወርድ ነገር ነው።

ምስክርነት የሰጠሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፣ አግዳሚዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። እህቴ በቀኝ በኩል ተቀምጣለች። በግራ በኩል ፊተኛው አግዳሚ ላይ የሽቦ እናት አሉ። በየቀጠሮው ይመጣሉ፣ አንድም ቀን ድምፃቸውን ሰምተን አናውቅም።

ጠበቃው ጠየቀኝ። “በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ተከሳሹ ተገኝቶ ነበር?”

“አልነበረም።”

“ይህ ፊርማስ?”

“የእኔ ነው። ጠዋትም ከሰዓትም የፈረምኩለት እኔ ነኝ። ምን እንዳመለጠው ሲጠይቀኝም ቀልጄበታለሁ።”

ክፍሉ ተንጫጫ። እህቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ከዚያ በጣቶቿ መሃል ትንሽ ልጅ ሳለች እንደምታየኝ አየችኝ። አማቼ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ጠበቃው “ጨርሻለሁ” ብሎ ተቀመጠ። እኔም የጨረስኩ መስሎኝ አንድ እግሬን ወደ በሩ አንስቼ ነበር።

አቃቤ ሕጉ ተነሳ። ንዴቱ ፊቱ ላይ ይታያል። “መልካም። እንግዲህ በአንተ አባባል፣ በዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰውየው እየሞተ መሆኑን የሚያውቅ አንድም ጠባቂ አልነበረም ማለት ነው?”

ጠበቃው በዓይኑ አዎ በል አለኝ። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ አፌ ላይ መጥታም ነበር። ዓይኔን ያሳረፍኩት ግን የሽቦ እናት ላይ ሆነ። እርጅና ያጎበጣቸው ትንሽ ሴትዮ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ መልሴን ይጠብቃሉ።

“ነበረ” አልኩ።

“ማን?”

“እግሩ ላይ የተቀመጠው። እኔ። የሁለተኛው ቀን ሥልጠና ላይ ነበርኩ፣ አሰልጣኟ እኔኑ አስተኝታ አሳይታኛለች። አማቼ አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“ጆሮዬን ቆርጦኝ ነበር። ይቅመሰው ብዬ ነው።”

ዳኛው ብዕራቸውን አቆሙ። “ምን ያህል ጊዜ ነው ዝም ያልከው?”

“ሰባ አንድ።”

“ሰባ አንድ ምን?”

“ቆጥሬ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። በልቤ ቆጥሬ ነው።”

እህቴ እጇን ከፊቷ ላይ አወረደች። ያን ፊት ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ባሏን ሰጥቼያት ወንድሟን የቀማኋት ያኔ ነው። ወደ እሷ ልናገር ስል ከግራ በኩል ድምፅ መጣ።

“አንድ” አሉ የሽቦ እናት።

ተነስተው ቆመዋል። “ሁለት። ሦስት።” የበሩ ፖሊስ ሊያስቀምጣቸው ሲራመድ ዳኛው በእጃቸው ተው አሉት። እሳቸው ማንንም አላዩም፣ አልጮኹም፣ አልተጣደፉም። አሥር አለፉ። ሃያ ሦስት ሲሉ የምስክር መቆሚያውን ብረት ያዝኩ። ሠላሳ አሉ፣ አርባ አሉ። ሃምሳ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ ዋጥ አድርገው ቀጠሉ። ጸሐፊዋ መጻፍ ትታ ታለቅሳለች። በስድሳዎቹ ላይ “ይብቃ፣ እማማ፣ በእግዜር ይብቃ” ብዬ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። እኔስ ልጃቸውን መች ሰማሁት?

ሰባ አንድ ሲሉ ተቀመጡ። ያን ያህል ረጅም መሆኑን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።