ማንም የማይለምነው ፍላሽ

ላፕቶፔ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት የጀመረው አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ የመዘምራን ልምምድ ላይ ነው። ሌላ ሰው ልብ አላለውም፤ ወንዶቹ በወፍራም ድምፃቸው የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጡት ነበር። እኔ ግን ሰማሁ። የእኔ ሥራ መስማት ነው። ወጣት ሳለሁ የመዘምራኑ መሪ ትከሻዬን አቅፎ ወደ ውጭ ወሰደኝና፣ «ሌሜኪ፣ እግዚአብሔር የልብህን ዝማሬ ይሰማል። እኛ የምንሰማው ግን የጉሮሮህን ነው። እባክህ ጥግ ላይ ተቀመጥና መቅረጫውን ያዝልን» አለኝ። እሺ አልኩ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያዝኩ።

የአሥራ ዘጠኙ ዓመት ቅጂ ሁሉ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ መሀል አንዱ ይበልጥብኛል። ታላቅ እህቴ ማኬሬታ የጥንቱን የእናቶች ዜማ ታወጣለች፣ አሥር ሴቶች ይቀበሏታል። ማኬሬታ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። ከተቀባዮቹ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ጥርስ የላትም፣ ሌላዋ ዜማው ጠፍቶባታል። ቀጭ የሚል ዲስክ ሊሞት ነው፤ ከሞተ ያ ድምፅ አብሮት ይሞታል።

እስከ ዛሬ ለምን ሌላ ቦታ አልገለበጥከውም የሚለኝ ሰው መንደራችንን አያውቅም። ገልብጫለሁ፤ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያውን ፍላሽ የአክስቴ ልጅ ጆሳቴኪ «ለአንድ ቀን ብቻ፣ ኬሬኬሬ» አለኝ። እኛ ዘንድ ኬሬኬሬ ብሎ የለመነህን ዘመድ እምቢ ማለት የለም፤ እምቢ ያለ ሰው ቤቱ ሲቃጠል ብቻውን ውሃ ይቀዳል። ያ ፍላሽ አሁን ታቬዩኒ ደሴት ላይ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። ሁለተኛውን ሽማግሌው ኢሊሶኒ ለቃለ ጉባኤ ወሰደው፤ ጉባኤው ገና አላለቀም። ሦስተኛውን የሚስቴ ወንድም ዋኝቶበት ካበላሸው በኋላም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እሱ ቤት ኮምፒውተር የለም። ያምርብኛል ነው የሚለው።

ስለዚህ አራተኛውን በጥበብ ልመርጥ ቆረጥኩ። እኔ ስለ ኮምፒውተር የተማርኩት ሰው ከጣላቸው መጽሔቶች ነው። በመንደራችን ስለዚህ ነገር የሚያውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ የማውቀው ትክክል ይሁን ስሕተት የሚነግረኝ የለም፤ በዚህም የተነሳ አዋቂ ተብዬ እኖራለሁ። ጎደሬ ሸጬ ስልሳ ዶላር ይዣለሁ። ደብተር አውጥቼ ጻፍኩ። ትልቁ ባለ ገመዱ ሃርድ ዲስክ ብዙ ይይዛል፤ ግን ዋጋው ካለኝ በላይ ነው፣ ደግሞ ከጠረጴዛ አንዴ ከወደቀ አበቃለት። ፍላሽ ይሻላል። መቶ ሃያ ስምንት ጊጋ ይበቃኛል። የብረቱ ይጠነክራል፣ የፕላስቲኩ ይረክሳል፣ ክዳን ያለው ክዳኑ ይጠፋል። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ፤ ላፕቶፑም ቀጭ ቀጩን አላቆመም። ስለ ጉዳዩ ጸለይኩም። ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ጊጋ ምንም እንደማይሉ ባውቅም ጸለይኩ።

ሚስቴ ቲቲሊያ ሰሌን እየሠራች አንድ ቀን፣ «ሌሜኪ፣ እኔን ለማግባት ስንት ቀን አሰብክ?» አለችኝ።

«አንድ ሳምንት።»

«እኔን በሳምንት፣ ጥፍር የምታክል ዕቃ በሦስት ሳምንት» አለችና ወደ ሰሌኗ ተመለሰች።

ዕውነቱን ለመናገር ያን ያህል ያዘገየኝ ዋጋውም ጊጋውም አልነበረም። ደብተሬ መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰመርኩበት ጥያቄ ነው፦ ይህን ማን ይለምነኛል? ጥቁር የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጆሳቴኪ። ትልቅ ከሆነ መጋቢያችን፣ ለእሑድ ትምህርት ፊልም። ማንጠልጠያ ካለው ያው የሚስቴ ወንድም። እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳል ሲባል እኔም በየእሑዱ አሜን እላለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ግን ዕቃ መደበቂያ ሳስብ እውላለሁ።

በአራተኛው ሳምንት በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ላምባሳ ከተማ ወረድኩ። ገበያው በር ላይ አንድ ሰው ከእንቁላል ተራው አጠገብ ባለ ሁለት ቴራ ፍላሽ በአሥራ አምስት ዶላር ይሸጣል። እዚህ ላይ ግን አልተሞኘሁም፤ ስለዚያ ዓይነቱ አንብቤአለሁ። ከላዩ የተጻፈበት ሁለት ቴራ ነው፣ ውስጡ ግን የሩቡ ሩብም የለም፤ ሲሞላ የፊተኛውን እየበላ የኋለኛውን ይጽፋል። ለሰውዬው ይህንን ሁሉ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «አባቴ፣ ይገዛሉ ወይስ ያስተምራሉ?» አለኝ። ሄድኩ።

ከዚያ የገባሁበት የጃግዲሽ ሱቅ ከድስት እስከ ስልክ ሁሉ ያለበት ነው። ፍላሾቹን በሙሉ መስታወቱ ላይ ደረደረልኝ። አንዱን አነሳለሁ፣ የአንድ ዘመድ ፊት ይታየኛል፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ሌላውን አነሳለሁ፣ ሌላ ዘመድ።

«ሌሜኪ፣ ሱቄን ልዘጋ ነው» አለ ጃግዲሽ።

«ገና ስድስት ሰዓት ነው እኮ።»

«ከአንተ ጋር ሲሆን ጊዜው ይሄዳል።»

ያኔ ከበስተጀርባው፣ አቧራ የለበሰች፣ አየኋት። ሮዝ ናት። ጥንቸል ናት። ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች አሏት፣ ጉንጮቿ ላይ ልብ ተስሎባታል። ጭንቅላቷን ስትነቅለው የሚሰካው ብረት ከአንገቷ ይወጣል።

«ያቺ ስንት ጊጋ ናት?»

ጃግዲሽ ዞሮ አየ፣ እንደገና እኔን አየ። «መቶ ሃያ ስምንት። ጥሩ ዕቃ ናት። ሁለት ዓመት ቆመች፣ የሚገዛት ጠፋ። ሴት ልጅ አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

«የልጅ ልጅ?»

«ለራሴ ነው።»

አውርዶ አቧራዋን በእጁ ጠረገላት። «በሠላሳ አምስት ውሰዳት» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ርኅራኄ ነበር። በተረፈኝ ዱቄትና ሮቲ የሚባለውን ቂጣ ገዛሁ።

መመለሻው አውቶቡስ ላይ ጆሳቴኪ አጠገቤ ተቀመጠ። ኪሴን አይቶ አያልፍም፤ የአክስት ልጅ ነው፣ መብቱ ነው። «ምን ገዛህ? አሳየኝ። ፍላሽ ነው አይደል? እኔም ለሠርግ ዘፈን መጫኛ...» ጥንቸሏን አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አውቶቡሱ ወንዙን እስኪሻገር ድረስ ሳቀ። ፊት ለፊታችን ያሉትን ሴቶች ጠርቶ አሳያቸው።

«ኬሬኬሬ ልልህ ነበር» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ። «ይቺን ግን እንኳን ልለምንህ፣ ብትለምነኝም አልቀበልህም። ሰው ፊት እንዴት ብዬ ነው አንገቷን የምነቅለው? ያዛት ወንድሜ። አንተን ትመስላለች።»

እስከ ቤቴ ድረስ እየተሰደብኩ ሄድኩ፤ እንደዚያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በልቤ፣ ሌሜኪ፣ አንተ እኮ ሰለሞን ነህ አልኩ። ትዕቢት እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

ቅዳሜ ጠዋት መገልበጥ ጀመርኩ። ላፕቶፑ እንደ ደከመው አህያ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ቀጭ ይላል፣ እንደገና ይሄዳል። ከፊቱ ተቀምጬ አልነካሁትም፣ አልተነፈስኩበትም ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አለቀ። የማኬሬታን ዜማ ከጥንቸሏ ውስጥ ከፍቼ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አዳመጥኩ። አለች። ዘጋሁት፣ ጥንቸሏን ነቅዬ ጭንቅላቷን መለስኩላት፣ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳትና ለምስጋና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ሎሳሊኒ በር ላይ ቆማለች።

ሎሳሊኒ የማኬሬታ ልጅ ናት። ከወንዙ ማዶ ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ትልቅ ሴት ናት፣ ስትስቅ ቤቱ ይጠባል። እኛ ዘንድ የእህት ልጅ አትለምንም። የእህት ልጅ ቫሱ ናት፤ ከአጎቷ ቤት ያማራትን ታነሳለች፣ አጎቷም ይመርቃታል። ባለፈው ዓመት አሳማዬን ወስዳለች፤ ገመዱን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። በሦስት ሳምንት ደብተር ውስጥ መንደሩን በሙሉ ሳሰላ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩም። የሚለምኑኝን ነዋ የቆጠርኩት።

«ውይ አጎቴ፣ ይቺ የማን ናት?» አለች፤ አንስታታለች።

«የእኔ።»

«የእርስዎ?» ሳቀች። «እኔ ደግሞ ለልጆቼ ሥዕል የምጭንበት ስፈልግ ነበር። ያለውን አጠፋና እጭንበታለሁ። ሲያዩዋት ያብዳሉ። ይባረኩ አጎቴ።»

«ቆይ እስቲ፣ ሌላ ልግዛልሽ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ።»

«ጥቁሩ ለእርስዎ ይሁን። ይቺ ጆሮ አላት።» ቦርሳዋን ከፈተች።

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ማታለያ እፈልግ ነበር። ለሎሳሊኒ ምንም ካላልኩ ግን ወስዳ ታጠፋዋለች፤ ላፕቶፑ ደግሞ ነገ ይነሳ አይነሳ አላውቅም። መናገር ነበረብኝ።

«እናትሽ አለችበት» አልኩ።

እጇ ቦርሳው ውስጥ ቀረ። «ምን አሉ?»

«የእናቶች ዜማ። እሷ ስታወጣ። ቀርጬው ነበር።»

«መቼ?»

«ከመታመሟ በፊት።»

«እስከ ዛሬ የት ነበር?»

ላፕቶፑን አሳየኋት። አየችው፣ ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ ሁልጊዜ ሻይ የምትጠጣበትን ወንበር። «ስድስት ዓመት፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ፣ እናቴ እዚያ ውስጥ ነበረች?»

ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ኀዘንሽ እንዳይነሳብሽ ብዬ ነው የሚል፤ ለራሴ ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ደህና ይመስላል። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። ለእግዚአብሔር የነገርኩትን ለእሷ መደበቅ አልሆነልኝም።

«እንዳትወስጂው ፈርቼ ነው» አልኩ።

ሎሳሊኒ ሽርጧን ሰብስባ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። «ይክፈቱት» አለች።

ከፈትኩት። ማኬሬታ አወጣች፣ አሥሩ ተቀበሏት። ሎሳሊኒ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ አሳፈረኝ፤ እዚያ ቦታ ላይ ቅጂው ተበላሽቷል። ቆርጬ ላወጣው ዓመታት ያሰብኩት ቦታ ነው። ዜማው ድንገት ይቆማል፣ የእህቴ ድምፅ ወደ መቅረጫው ይጠጋና፣ «ሌሜኪ፣ አንተም እየዘመርክ ነው እንዴ? ተው ወንድሜ፣ ማሽኑ ይታመማል» ይላል። ከዚያ የአሥር ሴቶች ሳቅ፣ አንዷ መሬት ስትመታ። ከዚያ ዜማው ይቀጥላል።

ሎሳሊኒ ቀና አለች። «ይመልሱት።»

«ዜማውን?»

«ስድቡን።»

መለስኩት። ሳቀች፣ የእናቷን ሳቅ፤ ዓይኗም ሞላ። እንደገና አስመለሰችኝ። አራት ጊዜ ሰማነው። ዜማውን ግን እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ነው የሰማችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥግ ላይ ተቀምጬ ስሰማ የኖርኩ ሰውዬ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚፈልገው የትኛው እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ስትነሳ ጥንቸሏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መረቅኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ። «እንድገለብጠው ግን መልሰሽ ታመጫታለሽ» አልኳት።

«አመጣታለሁ። ስድስት ዓመት ሲሞላ።»

ላፕቶፑ በተከታዩ ረቡዕ ቀጭ ማለቱን ተወ፣ ሌላውንም ሁሉ ተወ። ድምፁ ግን ይጠፋል ብዬ መስጋት አያስፈልገኝም። ሎሳሊኒ ከሌሎቹ ቅጂዎች ጋር በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ለብቻውም በሦስት አስተማሪዎች ስልክ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ጆሳቴኪ ደግሞ ከነሱ ተቀብሎ ሠርግ ላይ አሰማው፣ ከስድቡ ጀምሮ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ማሽኑ እንዴት አደረ ይሉኛል።

ለእኔ ብቻ ነው ያልተገለበጠልኝ። ስለዚህ እህቴን መስማት ሲያምረኝ ጎደሬ በጆንያ ተሸክሜ ወንዙን እሻገራለሁ። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሄድኩ። ሎሳሊኒ ጎደሬውን ተቀብላ አስገባችኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ጠበቀችኝ። የምትጠብቀው ገባኝ። በሕይወቴ ስሸሸው የኖርኩት ቃል ነው፤ ሲሉኝ እንጂ ስል አላውቅበትም።

«ኬሬኬሬ» አልኩ፣ ወደ ሻዩ አቀርቅሬ።

«አልሰማሁዎትም አጎቴ» አለች።

ጮክ ብዬ ደገምኩላት።