ናፍጣ ናፍጣ የሚል ውሃ

ምሥራቅ የተሰጣትን ጣሳ ተቀብላ አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ ሁለተኛውን መዋጥ ግን አልሆነላትም። ፊቷን ወደ ድንጋዩ ካብ አዙራ ተፋችው። ውሃው ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ አፍ ሲገባ ግን ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ምላሷ ላይ የቀረው ቅባት ደጋግማ ብትተፋም አልለቅ አላት። ጣሳውን የሰጧት የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዓለምእሸት ነበሩ፤ ነገሩ አልገረማቸውም። አፏን እስክትጠርግ ጠብቀው፣ "እኛ ሁለት ወር ጠጣነው፣ ልጄ" አሏት።

ምሥራቅ የላሊበላ ልጅ ናት። ሜካኒካል መሐንዲስ ከሆነች አምስት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋም ተቋራጮች በየገጠሩ የሚተክሉትን የውሃ ፓምፕ መርምሮ መረከብ ነው። ከኩልመስክ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬደው የዚህ መንደር ፓምፕ፣ ገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውሃ እየገፋ አፋፉ ላይ ወደተቀመጠው ሮቶ ያወጣል፤ ከዚያ ወደ ቦኖው ይወርዳል። ቀድሞ ሴቶቹ ገደሉን ወርደው፣ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ነበር የሚወጡት። ይህን ፓምፕ "ተረክቤያለሁ" ብላ የፈረመችው ምሥራቅ ራሷ ናት። የፈረመችው ግን ቢሮዋ ተቀምጣ፣ ተቋራጩ የላከውን ፎቶና የሙከራ ቅጽ አይታ ነበር። መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል አሏት፤ እሷም ገደል መውረድ ስለቀረላት ደስ አላት።

ከሦስት ሳምንት በፊት የመጀመሪያው የአቤቱታ ወረቀት ሲደርሳት፣ ፓምፑን ወደተከለው የተቋራጩ መሐንዲስ ደወለች። ደሳለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ፣ ሁሉም ደብተሩን ለመገልበጥ የሚሻማበት ልጅ። ሰዎቹ ከከብት ጋር ኩሬ ሲጠጡ ስለኖሩ ንጹሕ ውሃ እንግዳ ሆኖባቸው ነው፣ ሲለምዱት አቤቱታውን ይተዉታል ብሏት ሳቀ። አብራው ሳቀች። ሁለተኛው ወረቀት ግን ውሃውን አህያም አልጠጣም እንዳለ ይናገር ነበር። ሰው ይዋሻል ቢባል፣ አህያ ይዋሻል አይባልም። ተነሥታ መጣች።

አሁን ከወይዘሮ ዓለምእሸት ኋላ ገደሉን ስትወርድ፣ ያ ሳቋ ከናፍጣው ጋር ምላሷ ላይ ቀርቶ ነበር።

ከታች ያየችው ከጠበቀችው የከፋ ሆነ። ንድፉ ሞተሩ ከምንጩ ራቅ ብሎ፣ ወደ ታች በኩል፣ ለብቻው በተሠራ መሠረት ላይ ይቀመጥ ይላል። ደሳለ ግን መሠረት መቆፈሩ ታክቶት፣ ምንጩን በያዘው ግንብ ክዳን ላይ ጎልቶታል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ክዳኑ ተሰንጥቋል። የናፍጣው ቱቦ ቡሎንም ላልቶ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጠብታው በስንጥቁ እየገባ ውሃው ላይ ይተኛል። ምሥራቅ እጅጌዋን ሰብስባ በመፈተሻው ቀዳዳ የግንቡን ውስጥ ዳበሰች። እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሮ፣ አተላ የመሰለ ነገር እየጎተተ ወጣ። የሞተ እንቁራሪትም አብሮ መጣ። ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ ብላ ቁርሷን አስመለሰች።

የሞተሩ ጠባቂ ወልደ ሰንበት፣ ጥፋቱን ሁሉ የራሱ አድርጎ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ጠየቀችው። ደሳለ ማስነሻውን እንዳሳየው፣ ዘይቱን በየጊዜው ቀይር እንዳለው፣ አሮጌው ዘይት የት ይደፋ ሲለው ግን ስልክ እያናገረ "እዚያው" እንዳለው ነገራት። እሱም እዚያው ሞተሩ ሥር ሲደፋ ከርሟል። ቅጹ ላይ "ስድስት ሰዓት ያለማቋረጥ ተሞክሯል" የተባለውን ስታነሣበት ግራ ገባው። ውሃው ሮቶው ጋ ሲደርስ ፎቶ አነሡና ሞተሩን አጥፍተው ሄዱ፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አልሞላም ነበር አላት።

ደሳለን በስልክ ጠራችው፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ቦኖው ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ ደረሰና፣ ገደሉን ሳይወርድ ማስረዳት ጀመረ። የግፊቱ ስሌት ልክ ነው፣ የውሃው መጠን ልክ ነው፣ ቧንቧው ልክ ነው። የጣዕም ነገር የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም። ምሥራቅ ጣሳውን ከቦኖው ሞልታ ሰጠችው።

"ጠጣው" አለችው።

ደሳለ ጣሳውን አየ፣ ሰዎቹን አየ። ብብቱ ሥር የታሸገ ውሃ ይዟል። "እኔማ ሆዴ አይችለውም" አለ፣ ነገሩን በጨዋታ ሊያሳልፈው እየሞከረ።

የሳቀ የለም። ወይዘሮ ዓለምእሸት ጣሳውን ተቀብለው መሬት ላይ ደፉትና፣ "የጠነከረው የእኛ ሆድ ነው እንግዲህ" አሉ። ምሥራቅ ይህን ሰው ለዓመታት ስታደንቀው መኖሯ አንገፈገፋት። ይበልጥ ያንገፈገፋት ግን ቅጹ ላይ የሱና የሷ ፊርማ ጎን ለጎን መቀመጡ ነበር።

በዚያው ቀን የናፍጣውን ቱቦ ፈትታ ፓምፑን አቆመችው። ለሰዉም፣ "ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለች። ያጽናናት የለም። ምንጩ እስኪጸዳ ሴቶቹ ከቀድሞው የራቀ ወንዝ መውረድ ነበረባቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር ባዶ ጀሪካኗን እያነሣች፣ ከመጀመሪያውም መሐንዲስ የሚባል ባይመጣብን ይሻለን ነበር አለች።

ላሊበላ ተመልሳ ያየችውን ሁሉ፣ የራሷንም ጥፋት ጭምር ጻፈች። አለቃዋ አንብቦ ሲጨርስ "አነስተኛ የጥገና ጉዳይ" በሚል እንድታለዝበው መከራት። አልቀይርም አለች። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ደሳለን ተቋራጩ ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው፤ ከዚያ በቀር የደረሰበት ነገር የለም።

ሞተሩን ከግንቡ ክዳን ላይ ያነሣው ምሥራቅ ያስመጣችው መሐመድኑር ነው፣ የጋሸና የጭነት መኪና መካኒክ። ዲግሪ የለውም። መፍቻውን ከማውጣቱ በፊት ወልደ ሰንበት አጠገብ ተቀምጦ፣ ሞተሩ ሲነሣ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ መቼ እንደሚጨስ፣ የቱ ጋ እንደሚግል ግማሽ ሰዓት ያህል ጠየቀው። ምሥራቅ አጠገባቸው ቆማ፣ በአምስት ዓመት ሥራዋ አንድም ጠባቂ እንዲህ ጠይቃ እንደማታውቅ አሰበችና አፈረች። መሐመድኑር ፊቷን አይቶ፣ "አብሽሪ፣ ይስተካከላል" አላት። ንድፉ ባዘዘው ቦታ መሠረት ቆፈሩ፤ የተሰነጠቀውን ክዳን ሰብረው አዲስ ሠሩ፤ ዘይት የጠጣውን አፈር ዝቀው አራቁት። ግንቡን ከውስጥ በአሸዋ ፈተጉት፤ ምሥራቅም ሱሪዋን ሰብስባ ገብታ አብራ ፈተገች። ሽታው ልብሷ ላይ ከረመ። ውሃው አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ሸለቆው ተለቀቀ። ናሙናው ደሴ ተመርምሮ ንጹሕ ነው እስኪባል አልፈረመችም፤ የስድስት ሰዓቱንም ሙከራ ሞተሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጨረሰችው።

ከወራት በኋላ ላሊበላ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለሃያ ስድስት አዲስ ተመራቂ መሐንዲሶች ሥልጠና ተዘጋጀ፤ ምሥራቅም ተጋብዛ ተገኘች። አሠልጣኙ ደሳለ ነበር። ግድግዳው ላይ "ታማኝነት፣ ተግባቦት፣ ኃላፊነት" የሚል ጽሑፍ በፕሮጀክተር በትልልቁ አብርቶ፣ መሐንዲስ ከስሌት ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው አሳምሮ ያስረዳል። ማሳመሩ ነው ምሥራቅን ያቅለሸለሻት። በእረፍቱ ሰዓት እጁን ሲዘረጋላት አልጨበጠችውም። ወደ ፊት ወጥታ ለተመራቂዎቹ፣ ሰኞ ጠዋት ሌላ ፓምፕ ልትረከብ ገደል እንደምትወርድ፣ መምጣት የሚፈልግ ጠንካራ ጫማ አድርጎ እንዲጠብቃት ነገረቻቸው።

ከሃያ ስድስቱ ሁለቱ መጡ።