ሦስቱን መረጥኩ

ፋብሪካው ውስጥ «ሰዓቷ» ነው የሚሉኝ። ስድብ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ከሩጫ ሰዓት በቀር ሌላ ነገር አይተው ስለማያውቁ ነው።

የምንሠራው ደም ለፈሰሰው ሰው በደም ሥሩ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው። ውስጡ ያለው ሞለኪውል ረጅም ክር ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደ ልቃቂት ይጠቀለላል። ልቃቂቱ ካነሰ ኩላሊት ቶሎ አጣርቶ ያስወጣዋል፤ ከተለቀ ደግሞ ደም ያጓጉላል። መጠኑን የምናውቀው ፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው፣ በስንት ሰከንድ እንደወረደ ለክተን ነው። ልቃቂቱ ትልቅ ከሆነ ይዘገያል። ሦስት ጊዜ ይለካል፤ የሦስቱ ልዩነት ከሰከንድ ሁለት አሥረኛ ማለፍ የለበትም። የእኔ አልፎ አያውቅም ነበር፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ማሽን ይገዛ ሲባል «እኔ እያለሁ?» ብዬ የተቆጣሁትም ራሴ ነኝ።

ከአራት ወር በፊት አውራ ጣቴ አመፀ። አንዳንዴ ሳላዘው ይጫናል፣ አንዳንዴ አዝዤው ይለግማል። ሦስቱ ልኬቶች አልገጥም ሲሉኝ አራተኛ ለካሁ፣ አምስተኛም። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ለካሁና የሚቀራረቡትን ሦስቱን መርጬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የፈሳሹ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ።

ትናንት ጠዋት እጄን ልፈትን ብዬ ቱቦውን አጥቤ ንጹሕ ውሃ ሞላሁበት። ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ ውሃ በዚህ ቱቦ ዘጠና ስምንት ሰከንድ ነው፣ አለቀ። ዘጠና ስድስት አገኘሁ። ከዚያ መቶ። ከዚያ ዘጠና ሰባት። ጥፋቱ የጣቴ እንጂ የፈሳሹ አልነበረም። ለራሴም ፈራሁ፣ ለማላውቃቸው ሰዎችም ፈራሁ።

የጥራት ኃላፊዋ የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ቤት ውስጥ አዛዧ እኔ ስሆን እዚህ ደግሞ እሷ ናት። ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

ቀና ብላ አላየችኝም። «አውቄያለሁ» አለች።

«ምኑን ነው ያወቅሽው?»

«እጅሽን። ብርጭቆ ስታነሺ አያለሁ እኮ፣ አክስቴ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን ጥሩ ነበሩ። ጥሩ ናቸው ብዬ ፈረምኩ።»

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅሽማ ትነግሪኛለሽ። ከዚያ ላስወጣሽ ነው? እኔ?»

አንጀቴን በላችው፤ ተናደድኩባትም። እኔ ለስሜ ብዬ፣ እሷ ለእኔ ብላ፣ ዘጠኝ ዙር ምርት ከዚህ በር ወጥቷል።

መጋዘን ያለው እንዳይንቀሳቀስ አዘዘች። ወደ ሆስፒታሎቹ ልትደውል ስትል ግን ስልኩን ተቀበልኳት።

«ፈሳሹን ለማንም አትስጡ፣ ልኬቱ ተሳስቷል» አልኩት የመጀመሪያውን ሆስፒታል ፋርማሲስት። የምርቱን ቁጥር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

«እሱ አልቋል እኮ» አለኝ። «ለሃያ ሰባት ሰው ሰጥተነዋል።»

«ሰዎቹስ ምን ሆኑ?»

«የዳኑም አሉ፣ የሞቱም አሉ። ሲመጡም እኮ ደማቸው ፈሶ ነው የመጡት። በእናንተ ፈሳሽ ይሁን በሌላ፣ አሁን በምን ለይተን እናውቃለን?»